ሁለት ክረምት ሳይነካ የተቀመጠ ቤዝ ጊታር፦ አስተካክዬ ልሽጠው ወይስ እንዳለ?

ጨሞጋ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ እናንተ የምትጽፉትን ከማንበብ ያለፈ ጥያቄ አቅርቤ አላውቅም፤ አሁን ግን ምክራችሁ ያስፈልገኛል። ለዘጠኝ ዓመት ያህል በሠርግና በበዓል ዝግጅት ላይ የተጫወትኩበት ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር አለኝ። ቡድናችን ከተበተነ በኋላ ክሮቹን ሳላላላ፣ ከነቦርሳው ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬው ሁለት ክረምት አለፈበት። ባለፈው ሳምንት አውርጄ ስከፍተው ክሮቹ ዝገዋል፣ አንገቱም ወደ ፊት ጎብጧል። በማስመሪያ ስለካው ወፍራሙ ክር 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ክሩን ለመጫን ጣት ያደክማል። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ሳዞረው ደግሞ ማጉያው ይንኮሻኮሻል።

የምሸጠው ጠልቼው አይደለም። ልጄ ኪቦርድ መማር ስለጀመረች ለእርሷ መግዣ እንዲሆነኝ ነው። ጥገና ዐውቃለሁ ላለ አንድ ሰው ባሳየው፣ «አንገቱ ሞቷል፤ ከእንግዲህ ለመለዋወጫ ካልሆነ አይጠቅምም» ብሎ፣ ወዲያው ራሱ ሊገዛኝ ከአንድ የሠርግ ሥራ ክፍያ የማይበልጥ ዋጋ ሰጠኝ። እሺ ሳልለው ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ነገር ግን ንግግሩ ከልቤ አልወጣም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንገቱ በእርግጥ ሞቷል? ካልሞተስ ራሴ ላስተካክለው እችላለሁ ወይስ እንዳለ ብሸጠው ይሻላል? በተጨማሪም ከራሱ ጀርባ፣ የመቃኛ ቁልፎቹ ባሉበት በኩል፣ ከዓመታት በፊት ከመኪና ጣሪያ ወድቆ የተሰነጠቀና በሙጫ የተጠገነ ቦታ አለ። ይህን ለገዢ መናገር እንዳለብኝ አምናለሁ፤ እንዴት ብናገረው ዕቃው ያለ አግባብ እንደማይረክስ ግን አላውቅም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

ጤና ይስጥልኝ ጨሞጋ። መጀመሪያ ልብዎ ይረፍ፤ ከጻፏቸው ምልክቶች ውስጥ አንገቱ ሞቷል የሚያሰኝ አንድም አላየሁም። አራት የቤዝ ክር እስከ ቅኝቱ ሲወጠር አንገቱን ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይስበዋል። ይህን ጉልበት የሚመክተው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮድ የምንለው ነው። እንጨቱ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰበሰባል፤ ብረቱ ግን ሰው ካላዞረው በቀር ከእንጨቱ ጋር አብሮ አይስተካከልም። ስለዚህ ክሩ እንደተወጠረ ወቅቶች ሲፈራረቁበት የቆየ አንገት መጉበጡ የሚጠበቅ ነው። አንገት ሞተ የሚባለው ዘንጉ እስከ መጨረሻው ጠብቆ እንጨቱ አልመለስ ሲል፣ ወይም ደግሞ አንገቱ ተጠምዝዞ በወፍራሙ ክር በኩል ያለው ጎን ከቀጭኑ ጎን ጋር አልገጥም ሲል ነው። መጠምዘዙን ለማወቅ ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ወደ ዐይንዎ አቅርበው፣ ከራሱ በኩል ሆነው ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ገላው ላይ ወደሚያርፉበት ብረት) ይመልከቱ፤ ሁለቱ የአንገቱ ጠርዞች ቀጥ ብለው ወይም እኩል ጎብጠው ከታዩ ተስፋ አለው።

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አዲስ ክር ይግጠሙና በትክክል ይቃኙት፤ ምክንያቱም የሚለካው ጉብጠት አንገቱ በዚያ ክር ውጥረት ሥር ያለው ጉብጠት ነው። በስልክ መቃኛ የሚቃኙ ከሆነ የወፍራሙ ክር ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ስለሆነ ብዙ ስልኮች በደንብ አይዙትም። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣትዎ ነካ አድርገው ሲመቱት የሚወጣው ቀጭን ድምፅ እጥፉ ስለሆነ መቃኛው በቀላሉ ያነበዋል።

ከዚያ ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ ደግሞ አንገቱ ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ይጫኑት። አሁን ክሩ ራሱ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሆነልዎ ማለት ነው። 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ያስተውሉ፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ የለኝም እንዳይሉ፤ ጋራዦች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበትን ስስ ብረት ተውሰው መጠቀም ይችላሉ። እርሱም ካልተገኘ የተራ ኤሌክትሪክ ጊታር ቀጭኑ ክር፣ 10 ቁጥር የሚባለው፣ ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቁራጩን በክፍተቱ ውስጥ ሲያሳልፉት ነካ እያደረገ ካለፈ ልኩ ላይ ነዎት። የባንክ ካርድ ውፍረት ደግሞ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካርድዎ ያለ ችግር የሚያልፍ ከሆነ አንገቱ ከልክ በላይ ጎብጧል።

ማስተካከሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዘንጉ ጫፍ በአብዛኛው በራሱ በኩል ከትንሽ ክዳን ሥር፣ በአንዳንዱ ደግሞ በገላው በኩል ይገኛል። አለንኪው (የዘንጉን ጫፍ የሚያዞረው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) በትክክል የሚገጥም መሆኑን ሳያረጋግጡ እንዳያዞሩ፤ አንዳንዱ ጊታር በሚሊ ሜትር፣ አንዳንዱ በኢንች የተሠራ ስለሆነ ለልኩ የቀረበ ቁልፍ ጥርሱን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ጉዳቱ ከባድ ነው። ክሮቹን ትንሽ ያላሉ፣ የዘንጉን ጫፍ ፊት ለፊት እያዩ ወደ ቀኝ የዙር አንድ ስምንተኛ፣ ቢበዛ ሩብ ዙር ያዙሩ፣ እንደገና ቃኝተው እስከ ማግስቱ ይተዉት። እንጨት ወዲያው አይታዘዝም፤ ዛሬ ያዞሩት ውጤቱ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ነገ ሊሆን ይችላል። አልዞር ብሎ እጅዎን ካስጨነቀዎ እዚያው ያቁሙ፤ እዚህ ላይ ጉልበት መጠቀም ያልሞተውን አንገት መግደል ነው።

አንገቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ ብሪጁ የሚሄዱት። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ ክሩ ከፍ ብሏል ብሎ በመጀመሪያ ብሪጁን ዝቅ ያደርግና በኋላ አንገቱ ሲቃና ክሩ በሁሉም ፍሬት ላይ ያንጫርርበታል። 12ኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙን ክር ወደ 2.5፣ ቀጭኑን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ካወረዱት ለአብዛኛው ተጫዋች ይመቻል። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት የሚወጣው ድምፅና ክፍቱ (ሳይጫኑት የሚመቱት) ክር አንድ ኖታ መሆናቸውን በመቃኛው ያረጋግጡ። የተጫኑት ከፍ ካለ የብሪጁን መቀመጫ (ክሩ የሚያርፍበትን ትንሽ ብረት) ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይግፉ። በአምባሰልና በአንቺሆዬ የሚዘፈን ሲሆን ይህ በጣም ይሰማል፤ የግማሽ ድምፁ ርቀት የቅኝቱ ጣዕም ስለሆነ ከክራር ወይም ከማሲንቆ ጋር ሲጫወቱ የተዛባ ፍሬት መላውን ቡድን ያበላሻል።

መንኮሻኮሹ ቀላል ነገር ነው። በመቆጣጠሪያው ውስጥ የገባ አቧራ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ዘንድ የሚገኘውን የኮንታክት ማጽጃ በጥቂቱ ረጭተው ቁልፉን ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። ለበር ማጠፊያ የሚሆን ዘይት እንዳይነካው። ጊታሩ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከሆነም አሮጌውን ባትሪ አሁኑኑ ያውጡት፤ አፍስሶ ሽቦውን እንዳይበላው እሰጋለሁ። ኬብሉ ጃኩ ውስጥ እስከተሰካ ድረስ ባትሪው እየሠራ መሆኑንም ለገዢው ይንገሩት።

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦

የጣና ዳር ምክር በቂ ስለሆነ ስለ ጥገናው የምጨምረው የለኝም። ስለ ሽያጩ ግን ከራሴ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቤዝ ስሸጥ እንደ እርስዎው ከራሱ ጀርባ የተጠገነ ስንጥቅ ነበረው። በቀለም ሸፍኜ ዝም አልኩ። የገዛው ወጣት ክር ሲለውጥ አየውና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተሸክሞት መጣ። ገንዘቡን መለስኩለት፤ ነገር ግን ያ ልጅ ቡሬና ደንበጫ ውስጥ ያሉ ሙዚቀኞችን በሙሉ ያውቅ ስለነበር ከዚያ በኋላ አንድ ኬብል እንኳ ለመሸጥ ስነሣ የሚያምነኝ አጣሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለዚህ ስንጥቁን መጀመሪያ እርስዎ ያሳዩ። መቼና እንዴት እንደተሰነጠቀ፣ ከተጠገነ በኋላ ስንት ዓመት በሙሉ ቅኝት እንደተወጠረ ይንገሩት። በደንብ ተጣብቆ ለዓመታት ሳይላቀቅ የቆየ ስንጥቅ ለተጫዋች እንከን አይሆንም፤ ዋጋው ላይ ግን ትንሽ መቀነስ ይገባዎታል። በሌላ በኩል ራስዎ አያራክሱት። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም ይባላል፤ ስለ እንከኑ ብቻ እየተናገሩ ያልተበላውን ፍሬትና የማይላላውን መቃኛ ሳያነሡ እንዳይቀሩ።

ፎቶ ሲያነሡ በጥላ ሥር፣ በቀን ብርሃን ይሁን፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ የአንገቱን መጋጠሚያ፣ ፍሬቶቹን በቅርበት፣ ተከታታይ ቁጥሩን። የራሱ ፊት ላይ ያለው ስም በቀላሉ ተልጦ ሌላ ሊለጠፍበት ስለሚችል ጠንቃቃ ገዢ ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የሚያየው። ከዚህም በላይ የሚያሳምነው ቪዲዮ ነው። በአራቱም ክር ላይ ከ1ኛው እስከ መጨረሻው ፍሬት አንድ በአንድ እየተጫኑ፣ ሳይቸኩሉ ይቅረጹት። የሚያንጫርር ፍሬት ካለ ይሰማ።

አዲስ አበባ ልኬ ልሽጥ ካሉ አንድ ነገር አደራ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናት፤ ከደጀን ሲወርዱ የዓባይ በረሃ ሙቀት ይቀበልዎታል፤ ከጎሐ ጽዮን በኋላ እንደገና ብርድ ነው። በአንድ ጠዋት ይህን ሁሉ የሚያልፍ እንጨት የመኪና ጣሪያ ላይ ፀሐይ እየመታው መጫን የለበትም። ክሮቹን በአንድ ድምፅ ያህል ዝቅ አድርገው፣ ራሱ በሚያርፍበት በኩል ልብስ ጠቅልለው ከጎንዎ ይያዙት። ሲደርሱም ከቦርሳው ወዲያው አያውጡት፤ ጥቂት ሰዓት ይረፍ።

ጮቄ (ሞጣ)፦

እኔ ደግሞ ለምን አዲስ አበባ ይሄዳል እላለሁ። እዚያ ገዢው ቢበዛም ሻጩ ከእርሱ ይበዛል። እዚህ ጎጃም ውስጥ በቤዝ ክራር የለመዱ፣ ቤዝ ጊታር ግን በሠርግ ላይ ከሩቅ ካልሆነ ነክተው የማያውቁ ልጆች ሞልተዋል። ችክችካውን በእግራቸው ያውቁታል፤ የጎደላቸው መሣሪያው ነው። ከነዚህ ለአንዱ በሁለት ጊዜ ክፍያ ቢሸጡለት ዋጋውም ያለ ደላላ ሙሉውን ለእርስዎ ይሆናል፣ ጊታሩም እንደገና የሚጫወትበት ሰው ያገኛል።

አሮጌ ክርን በተመለከተ፦ ድምፁ ስለደበዘዘ ብቻ መጣል የለበትም። ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤዚስት ጄምስ ጃመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ እንደማይለውጥ ይታወቃል፤ ያ ክብ ያለ፣ የታፈነ ድምፅ ለትዝታ እጅግ ይስማማል። የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን እየሰማ ያደገ ሰው የምለው ይገባዋል። የዛገ ክር ግን ፍሬቱን እንደ ሞረድ ስለሚበላው የእርስዎ መለወጥ አለበት።

ጨሞጋ (ደብረ ማርቆስ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክር ከባሕር ዳር አስመጣሁና አምስት ቀን ሠራሁበት። በመጀመሪያው ምሽት የባንክ ካርዴ ምንም ሳይነካ አለፈ። በየምሽቱ የዙር አንድ ስምንተኛ እያዞርኩ፣ በአራተኛው ቀን ግማሽ ዙር ሲሞላ፣ ጎረቤቴ የሰጠኝ የጊታር ክር ቁራጭ ነካ እያደረገ ማለፍ ጀመረ። ብሪጁን ካወረድኩ በኋላ ወፍራሙ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ላይ ቆሟል። አንገቱ አልሞተም ነበር! ባትሪውን ሳወጣው ጫፉ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ነበር፤ ሽቦውን ግን አልደረሰበትም።

የጮቄን ምክር ተቀብዬ እዚሁ ከተማ ላለ ተማሪ ነገርኩት። ስንጥቁን አሳየሁት፤ በጥፍሩ ዳሰሰው፣ ጥፍሩ ምንም አልያዘም። ቅዳሜ ከወንድሙ ጋር መጥቶ በማጉያ ሊሞክረው ነው። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ቀርቶኛል፦ ወፍራሙ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫን አሁንም ትንሽ ከፍ ይላል፤ መቀመጫውን ወደ ኋላ ብገፋውም ከኋላው ያለው ስፕሪንግ ተጨምቆ አልሄድ አለኝ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦

እንኳን ደስ አለዎት። መፍትሔው እዚያው ስፕሪንጉ ላይ ነው። ክሩን አላልተው ብሎኑን ይፍቱ፣ ስፕሪንጉን ያውጡና ከጫፉ ሁለት ጥምዝ ያህል በፒንሳ ቆርጠው ይመልሱት። መቀመጫው የሚፈልጉትን ሁለት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያገኛል፤ ከዚያ እንደገና ቃኝተው ይለኩት።