የጥድ ግንድ ላይ ያገኘሁትን እንጉዳይ ለመለየት እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ጫካ ነበርኩ። አንድ ያረጀ የሐበሻ ጥድ ግንድ ላይ የፈረስ ኮቴ የመሰለ እንጉዳይ አየሁ። ድርቅ ያለ፣ ላዩ ጥቁርና የተሰነጣጠቀ ነው። ከሥሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደረ ነገር የለውም፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ብቻ። መሬት የወደቀ ቁራጭ አግኝቼ ስሰብረው ውስጡ እንደ ሸክላ ጡብ ቀይ ነው! ቀለሙ ወደ ፒሮፎሜስ ዴሚዶፊ ይወስደኛል፤ የጥድን የመሃል እንጨት የሚያበሰብሰው ማለት ነው። ጓደኛዬ ግን ጋኖደርማ የሚባለው ሌላ የዛፍ እንጉዳይ ነው ብሎ ድርቅ አለ። ጋኖደርማ ቡናማ ዱቄት (የሚራባበትን ብናኝ) ይጥላል። የእኔን ነጭ ወረቀት ላይ አሳደርኩት፣ ምንም የለም። ደርቆ ይሆን? ማይክሮስኮፕ የለኝም። በዓይን የሚለዩበትን መንገድ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ዛፉ ጫፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ በጣም አሳዝኖኛል።