የሀይሉክስ ቱርቦ ማኒኮቶ ተሰነጠቀ፦ ሲሊኮን ላስገባ ወይስ የራዲያተር ጎማ?

ሀረጎ_ዳገት፦
ሰላም ጀማው እንዴት ናችሁ። ሀይሉክስ ዲፎርዲ አለችኝ፣ 3.0ዋ፣ ቦኔቷ ላይ አፍ ያላት። ከኮምቦልቻ ባቲ ሚሌ ነው የምሰራባት አንዳንዴ ደሴም ጭነት ይዤ እወጣለሁ። ሰሞኑን ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሀረጎን ዳገት ስትወጣ ጉልበት የሚባል ጠፋ፣ ነዳጅ ስሰጣት ታፏጫለች ከኋላ ደሞ ጥቁር ጭስ ነው። ቦኔት ስከፍት ከቱርቦው (ለሞተሩ አየር ጨምቆ ከሚነፋው) ወደ ኢንተርኩለር (ያን አየር ወደሚያቀዘቅዘው) የሚሄደው ማኒኮቶ፣ የአየር ቱቦው ማለቴ ነው፣ ፋሸታው (የቱቦው ማጥበቂያ ቀለበት) የሚነክስበት ጋ ተሰንጥቋል፣ በዘይት ርሷል፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ማስቲካ ይገባል። ኦሪጅናሉን እዚህ አጣሁት። መካኒኬ "የራዲያተር ማኒኮቶ ቆርጬ ልግጠምልህ ያው ጎማ ነው" ይላል፣ ደሴ ፒያሳ ያለ ባለሱቅ ደሞ ሰማያዊ ሲሊኮን አውጥቶ "የውድድር መኪና ላይ የሚገባ ነው እድሜ ልክህን አትቀይረውም" አለኝ። ሁለቱም ሲያወሩ ያሳምናሉ ችግሩ እሱ ነው 😅 መኪናዋ ቆማለች፣ ምን ይሻለኛል?

ቦርከና_ማዶ፦
ሲሊኮኑን ግዛና ገላገል። ሙቀት አይፈራም፣ የኔ ሚኒባስ ላይ ገብቶ እስካሁን ምንም አላለም

ናፍታ_በናፍታ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ግን "ሲሊኮን ግዛና ገላገል" የሚባል ነገር የለም፣ መጀመሪያ የቱ ጋ የሚገባ ማኒኮቶ ነው ነው ጥያቄው። ከፊልትሮ (ከአየር ማጣሪያው) እስከ ቱርቦ ያለው ይሳባል እንጂ አይነፋም፣ እዛ ላይ ሽቦ የሌለው ለስላሳ ሲሊኮን ካስገባህ ገና ስትረግጣት ይጨማደድና ትንፋሽ ያሳጥራታል። እዛ በኩል ቀዳዳ ካለ ደሞ የባቲን አቧራ ሳይጣራ ትውጠዋለች፣ የቱርቦውን ምላጭ ሞርዶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄደው አየሩ ቀዝቅዞለታል፣ ብዙ አያስጨንቅም። ያንተ የመሀለኛው ነው፣ ክፉው ቦታ ማለት ነው። ቱርቦ አየሩን ሲጨምቀው ያሞቀዋል፣ ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ከሆንክ ከ100 ዲግሪ በደንብ ያልፋል፣ ግፊትም አለ፣ ዘይትም አለ። ሶስቱንም የሚችል ነው የምትፈልገው።

የራዲያተሩን እርሳው። የራዲያተር ማኒኮቶ በብዛት ኢፒዲኤም የሚሉት ጎማ ነው፣ የፈላ ውሃ ይችላል፣ ዘይት ሲነካው ግን ያብጥና ይለሰልሳል። ጋራዥ እስክትደርስ ከሆነ እሺ፣ ሚሌ ይዘኸው መውረድ ግን አይሆንም።

ሲሊኮኑ ሙቀት ላይ ጎበዝ ነው፣ በፖሊስተር ጨርቅ የተደረበው እስከ 180 ዲግሪ አካባቢ ይሄዳል፣ አራሚድ በሚባለው ክር የተሰራው ከዛም በላይ። ተራ ሲሊኮን ግን ከዘይት ጋር አይስማማም። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣው የዘይት ጭጋግ ግድግዳውን ቀስ እያለ ይሰርገዋል፣ መጀመሪያ ውጪው ይወዛል፣ ቆይቶ ያብጣል፣ ከዛ አንድ ቀን ዳገት ላይ ከፋሸታው ሾልኮ ይወጣል። ለዚህ ነው ውስጡ በፍሎሮሲሊኮን የተለበጠ የሚሰራው፣ እሱ ዘይት ይችላል። ባለሱቁን "ውስጡ ፍሎሮ ነው?" በለው፣ ካፈጠጠብህ ተራ ነው ማለት ነው።

ቦርከና ያንተ ያልተበላሸው ምናልባት ዘይት የማይደርስበት በኩል ገብቶ ይሆናላ

ቦርከና_ማዶ፦
እሱስ ከኢንተርኩለር በኋላ ያለው ነው 😂 እሺ ተረታሁ

ሼባው_ሹፌር፦
ልጆች ሁላችሁም ስለ ጎማው አወራችሁ፣ ዘይቱ ከየት መጣ ያለ የለም። ትንሽ ወዝ ያለ ነው፣ የሞተሩ መተንፈሻ ወደዛው ስለሚገባ። ግን ማኒኮቶውን ስትፈታ ዘይት ከተንጠፈጠፈ የቱርቦውን ዘንግ በጣትህ ያዝና ነቅንቀው። ወደ ጎን ትንሽ ቢል ያለ ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ ወይ ምላጩ ግድግዳውን ከነካ ግን ቱርቦው ጨርሷል፣ ማኒኮቶ ብትቀያይር ብር መጨረስ ነው።

ሁለተኛ ፋሸታው። ያ በካቻቢቴ የሚጠብቀው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፋሸታ ሲሊኮኑን በቀዳዳዎቹ አስገብቶ እንደ ቢላ ይቆርጠዋል፣ ያንተም ፋሸታው ስር የተሰነጠቀው በከንቱ አደለም። ቲ ቦልት የሚባለውን ሰፊውን ፈልግ፣ በዳዶ የሚጠብቀውን፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነውን። ከቧንቧው ከንፈር ኋላ ይቀመጥ እንጂ ከንፈሩ ላይ አይውጣ። ስትገጥም ደሞ እንዳይቸግርህ ብለህ ዘይት ወይ ግራሶ እንዳትቀባ፣ ቧንቧውን አድርቀህ ጠርገህ ነው። ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ላላ ስለሚል ከጥቂት ጉዞ በኋላ ሞተሩ በርዶ ሳለ አንዴ መለስ ብለህ አጥብቀው፣ ግን እንደ ጎማ ቡሎን አትታገለው።

ሀረጎ_ዳገት፦
ጋሼ ተባረኩ፣ ናፍታም ወላሂ አሪፍ ነው ያስረዳኸኝ። ዘንጉን ነቀነቅነው ወደ ፊት ወደ ኋላ አይልም፣ ዘይቱም ወዝ ብቻ ነው አልተንጠፈጠፈም። ባለሱቁ ጋ ተመልሼ ሰማያዊውን ጫፉን አየሁት፣ ከውጪ ያብረቀርቃል ቁርጡ ላይ ግን የጨርቅ መስመር አንድ ብቻ ነው የሚታየው፣ ስጨምቀው ሁለት ጣቴ ተገናኘ። ፍሎሮ ስለው "እሱ ለጥርስ ነው" አለኝ 😂 አንድ ጥያቄ ግን፣ ለምንድነው ባቲ ስወርድ ደህና ሆና ደሴ ስወጣ የምትሞትብኝ?

ናፍታ_በናፍታ፦
😂😂 ለጥርስ! በለው
አንድ መስመር ጨርቅ ያለውን ተወው፣ ቢያንስ 3 ወይ 4 ድርብ ቁርጡ ላይ ቆጥረህ ማየት አለብህ፣ ግድግዳው 5 ሚሊ አካባቢ።
የደሴው ነገር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። እዛ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦው ያንኑ አየር ለመሙላት በጣም መሽከርከር አለበት፣ አንተ ደሞ ዳገት ላይ ሙሉ ነው የምትረግጣት። ስንጥቁ የሚከፈተው ግፊት ሲበዛ ነው፣ ባቲ ስትወርድ እኮ ቱርቦው ስራ የለውም። አየሩ ሲያመልጥ ናፍታው ሳይቃጠል ይቀርና ያ ጥቁር ጭስ ይሆናል።
ከገጠምክ በኋላ ጎሚስታ ጋ ሂድና አስፈትሽ፣ የቱርቦውን መሳቢያ አፍ ደፍነህ ትንሽ አየር አስገብተህ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ። የኮምፕሬሰሩን ሙሉ ግፊት እንዳትለቅባት ግን፣ ተቆጣጣሪ ያለውን አድርግና ከ1 ባር በታች፣ ፊትህንም ከድፋኑ ፊት አርቅ።

ሀረጎ_ዳገት፦
አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሰራ ዘመድ አለኝ፣ ኦሪጅናሉን ወይ ባለ ፍሎሮውን ፈልጎ በአውቶቡስ ይልክልኛል። መጠኑን ልንገረው ብዬ የድሮውን ፈትቼ ለክቼዋለሁ

ሼባው_ሹፌር፦
የድሮውን አትለካ ልጄ፣ ዘይት ጠጥቶ አብጧል። የሁለቱን ቧንቧ አፍ በካሊበር ለካ፣ ሁለቱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ላክለት።