በአሮጌ ካሜራ መመልከቻ በኩል በስልክ ማንሳት፦ ፎከሱ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደሴ ነው የምጽፈው።

አባቴ የተወልኝ ሉቢቴል 2 አለ። ሁለት ሌንስ ያለው፣ ጎንበስ ብለው ከላይ የሚያዩበት የሶቪየት ካሜራ ነው። የሚወስደውን 120 ፊልም እዚህ አላገኘሁም። ስለዚህ ከላይ ባለው መመልከቻ መስታወት ላይ የሚታየውን ምስል በስልኬ አነሳዋለሁ። ውጤቱ በጣም ደስ ይላል! ጠርዙ ይደበዝዛል፣ የመስታወቱ አቧራና ጭረት አብሮ ይወጣል፣ ፒያሳ የድሮዋን ፒያሳ ትመስላለች። ግራና ቀኙ ስለሚገለበጥ የሱቆቹ ጽሑፍ ዞሮ ይወጣል። እሱን ስልኩ ላይ መልሶ መገልበጥ ቀላል ነው።

ያቃተኝ ፎከሱ ነው። ስልኩን ወደ መስታወቱ ሳስጠጋው ምስሉ ይደበዝዛል። ሳርቀው ምስሉ ያንስና የሰማዩ ነጸብራቅ መስታወቱን ይሸፍነዋል። ነጸብራቁን በጥቁር ካርቶን ቱቦ አስቀርቼዋለሁ። ማክሮ (በጣም ቅርብ ነገር ማንሻው) ላይ ሳደርገው ግን ስልኩ ወደ ሰፊው ሌንስ ይዘላል፤ የካርቶኑ ግድግዳም አብሮ ይገባል። የጦሳን ተራራ በዚህ መንገድ ማንሳት እንዴት እንደምፈልግ!

ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ የማክሮ ሌንስ ይሻላል ወይስ ተራ ማጉያ መስታወት ይሠራል? ቱቦውስ ስንት ሴንቲሜትር ይሁን? ሌንሱን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የት እንደማገኝ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።