ባዕድ ከተማን ቤት ስለሚያደርግ ልቦለድ፦ መቀራረቡ ለምን አያሳምንም?

ሰረዘች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባዕድ ከተማ ውስጥ አንድ አፓርታማ ስለሚጋሩ ሁለት ሰዎች የተጻፈ፣ 4,000 ቃል ገደማ የሆነ አጭር ልቦለድ እያረምኩ ነው። እሱ መጤ ነው፣ እሷ የከተማው ተወላጅ። ያነበቡት ሁሉ ሁለት ነገር ላይ ይስማማሉ፤ ከተማው የጎብኚዎች መጽሔት ይመስላል፣ የሁለቱ መቀራረብ ደግሞ መጨረሻው ገጽ ላይ ዱብ ይላል። የፍቅር ታሪክ አይደለም፤ መላመድ ነው። ተራኪው ሦስተኛ መደብ ሆኖ ከመጤው ትከሻ አይርቅም። ከየት ጀምሬ ላፍርሰው? ደግሞስ የሚነጋገሩት በእሷ ቋንቋ ነው፣ ልቦለዱ ግን በአማርኛ። መንተባተቡን እንዴት ላሳየው?

ኅዳግ፦
ከመቼቱ፣ ማለትም ታሪኩ ከሚካሄድበት ቦታና ጊዜ፣ ጀምሪ። ረቂቁን አትሚውና የቦታ ስም በተጠራበት ሁሉ በቀይ አስምሪ፤ አደባባይ፣ ድልድይ፣ ጣቢያ፣ ወንዝ። ቀዩ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ከሞላቸው በሽታው እሱ ነው። ትናንት የመጣ ሰው የመንገድ ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው «ቢጫው ሕንጻ ጋ ወደ ግራ» የሚለውን ነው። ተራኪሽ ከትከሻው የማይርቅ ከሆነ እሱ የማያውቀውን ስም መጥራት የለበትም። ስሞቹን ወደ ኋላ ግፊያቸው፤ መጀመሪያ በምልክት፣ ቀጥሎ በተሳሳተ አጠራር፣ ኋላ ሳያስበው በትክክል ይጥራቸው። ያኔ «ከስድስት ወር በኋላ» የሚሉ ሐረጎችን ግማሹን መሰረዝ ትችያለሽ።

ከዚያ ከሕንጻው አንድ ግትር ነገር ምረጪ። ለምሳሌ ሲጫኑት በርቶ ትንሽ ቆይቶ በራሱ የሚጠፋ የደረጃ መብራት። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው የመጀመሪያው ሌሊት ሦስተኛው ላይ ሻንጣውን እንደያዘ ይጨልምበታል፤ ግድግዳውን ይዳብሳል፣ ማብሪያ መስሎት የጎረቤት ደወል ይጫናል። ታሪኩ መሃል ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ገና ሳይጠፋበት ደግሞ ይጫነዋል። ወደ መጨረሻው ጭራሽ አያበራውም፤ የበሩን ቁልፍ ደረጃው ላይ ሳለ ከሌሎቹ በጣቱ ለይቶታል። ሦስቱም ቦታ ላይ ስለ ስሜቱ አንድ ቃል አትጻፊ። አራተኛ ጊዜ ከደገምሽው ግን አንባቢው ሆን ተብሎ የተተከለ መሆኑን ይነቃል።

አራት ነጥብ፦
ኅዳግ ስለ ከተማው ያለው ትክክል ነው፤ መቀራረቡ ግን ሌላ ሥራ ነው። ዱብ የሚለው ብዙ ጊዜ ደራሲው ወደ አንድ ትልቅ ኑዛዜ ስለሚሮጥ ነው፤ ሌሊት፣ ዝናብ፣ መስኮት፣ ከዚያ «ስለ አባቴ ነግሬሽ አላውቅም»። እባካችሁ ይብቃን! አንድ ቤት የሚጋሩ ሰዎች ፈቃድ በመጠየቅና ባለመጠየቅ ነው የሚቀራረቡት። የትኛው መደርደሪያ የማን ነው? ማሞቂያውን ማን ከፍ ያደርጋል፣ ማንስ ሹልክ ብሎ ይቀንሰዋል? ገጽ 2 ላይ «ሳሙናውን ልጠቀም?» ካለ፣ ገጽ 6 ላይ ሳይጠይቅ ያንሳ፣ ገጽ 9 ላይ አልቆ ሲያገኘው ይቆጣ። እንግዳ አይቆጣም፤ ስለዚህ ቁጣው ከኑዛዜው በላይ ይሠራል። በመካከሉ አንዴ ይንሸራተት፤ ለምሳሌ የኪራይ ውሉ በእሷ ስም ብቻ መሆኑን የሚያስታውስ ደብዳቤ ይምጣና እንደገና ፈቃድ ጠያቂ ይሁን። ያለ መንሸራተት ደረጃ በደረጃ ከወጣ ዝርዝር እንጂ ታሪክ አይሆንም።

መንተባተቡን በተሰባበረ አማርኛ አትጻፊው። ሰውየው መሳቂያ ይሆናል። በእሷ ቋንቋ ሲናገር ስሕተት የሌለበት ግን ድርቅ ያለ አጭር ዓረፍተ ነገር ስጪው፦ «ቁልፉ የለም። ጠፋ። ነገ አሠራለሁ።» በራሱ ቋንቋ ሲናገር ይርዘም፣ ይቀልድ፣ ነገር ይጠምዝዝ። ደንቡን እስከ ገጽ 2 ድረስ ካጸናሽው «በእሷ ቋንቋ እንዲህ አላት» የሚለውን ሁሉ መጣል ይቻላል። ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ሲሻገር ደግሞ ተራኪው አይጠቁመው፤ ተራ ዓረፍተ ነገር መሃል ይለፍ።

ኅዳግ፦
የመጨረሻዋ ላይ አልስማማም። የእሷ ቋንቋ በአክብሮትና በቅርብ አጠራር መካከል ልዩነት ከሌለው፣ መሻገሩ ተራኪው የፈጠረው ይሆናል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ ሰረዘችን ይታዘባታል። ልዩነት ካለው ግን ግሩም ነው።

ሰረዘች፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሳሙናው ገባ። አምስት ምልሰቶችም (ወደ ኋላ ተመልሰው ያለፈውን የሚተርኩ ክፍሎች) አሉኝ፤ ሁሉም ስለ አገር ቤት፣ አብዛኞቹ በአንድ ሽታ የሚጀምሩ። ስንቱ ይቅር?

ገጽ በገጽ፦
እያንዳንዱን አውጥተሽ ቀሪውን አንብቢ። ከእሱ በኋላ የሚመጣ አንድም ድርጊት ካልተናጋ እንደወጣ ይቅር። ሽታ መጥቶ ትዝታ የሚቀሰቅስበት መንገድ አንዴ ይሠራል፤ ሁለተኛው ላይ አንባቢው ቀድሞሽ ይደርሳል። ደግሞ ምልሰት የታሪኩን ሴራ ያቆመዋል፤ የስልክ ጥሪ ግን አገር ቤትን አሁን ክፍሉ ውስጥ ያስገባዋል፣ ሰውየውም ስለ ኑሮው መዋሸት ሊኖርበት ይችላል።

ስልክ ከገባ የሰዓት ሠንጠረዥ ሥሪ፤ በአንድ በኩል የከተማው ሰዓት፣ በሌላው የቤተሰቡ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሰዓታቸውን በመጋቢት ወር የመጨረሻ እሑድ በአንድ ሰዓት ያስቀድማሉ፣ በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ይመልሳሉ፤ በአብዛኛው አሜሪካ ደግሞ የመጋቢት ሁለተኛ እሑድና የኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር። ቤተሰቡ ያለበት አገር ሰዓት የማይቀይር ከሆነ፣ የከተማውን ብርዳማ ክረምት በሙሉ በተመሳሳይ ሰዓት ይመጣ የነበረ ጥሪ፣ ጸደይ ላይ ሰዓቱ ሲቀየር፣ በከተማው አቆጣጠር አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። ብዙ ረቂቅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። አንቺ ተጠቀሚበት፤ ክረምቱን እሷ ከሥራ ሳትመለስ የሚያልቀው ጥሪ በዚያ ሳምንት እሷ በሩን ስትከፍት ይጩህ። እሱ በራሱ ቋንቋ ሲቀልድና ሲዋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ትስማው። ይህ ትዕይንት ከገባ ከአምስቱ ምልሰቶች አራቱን ያለ ጸጸት ጣያቸው።