በአራት ዓመቱ ከማጎሪያ ካምፕ የተረፈ ሰው ምስክርነቱ እንዴት ይቀረጻል?

ፋኖስ

በናዚ ማጎሪያ ካምፖች በልጅነታቸው ታስረው የተረፉ አረጋውያንን ቃል በድምፅና በምስል ለማስቀረት ዝግጅት ላይ ነን። ጦርነቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1945 ነውና ከሁሉ ትንሹ እንኳ ሰማንያን ይዟል፤ የሚጠበቅ ጊዜ የለም። የሚያስቸግሩን ያኔ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች የነበሩት ናቸው። ቀን አያውቁም፣ የቦታ ስም አያውቁም፤ የሚያስታውሱት ብርድ፣ የውሻ ጩኸት፣ የአንዲት ሴት ቀሚስ ነው። ራሳቸው ያዩትና ኋላ የሰሙት ተቀላቅሎባቸዋል። እንዴት ይጠየቃሉ? ቃላቸው ከሰነድ ጋር ሳይገጥም ሲቀርስ? ቅጂውስ በምን መልክ ቢቀመጥ ዕድሜ ይኖረዋል?

ብራና

«መቼ?» እና «የት?» ብላችሁ አትጀምሩ። የአራት ዓመት ልጅ ያኔም ይህን አያውቅም፤ ዛሬ ሲጠየቅ ክፍተቱን ኋላ ባነበበው ይሞላዋል። ሰውነቱ የሚያውቀውን ጠይቁ። ከማን ጎን ነበር የሚተኙት? ወደ አልጋው ማን ያወጣዎት ነበር? ለቆጠራ ስትሰለፉ መሬቱ በረዶ ነበር ወይስ ጭቃ? የሚጮኹባችሁ በምን ቋንቋ ነበር? ወቅቱን ከበረዶው ማጥበብ ይቻላል። «ጠባቂው መትቶዎት ነበር?» ዓይነት መልሱን ያዘለ ጥያቄ ግን ምስክርነቱን ያበላሻል። «ከዚያስ?» በሉና ዝም በሉ፤ ዝምታው ቢረዝምም አትሙሉት።

ከቀረጻው በፊት አንድ ቀን ያለ ካሜራ ተገናኙና የትውልድ ቀኑን፣ የወላጆችን ስም በየአጻጻፉ፣ የሚያውቁትን የቦታ ስም ሁሉ በወረቀት ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተረፉ ሰዎችን ምስክርነት ለመቅረጽ የተቋቋመው ሾዋ ፋውንዴሽን ቃለ መጠይቁን በግርድፉ ከጦርነቱ በፊት 20፣ በጦርነቱ 60፣ ከዚያ በኋላ ላለው 20 በመቶ አድርጎ ይከፍለው ነበር። ለሕፃናት ይህ አይስማማም ባይ ነኝ። ከጦርነቱ በፊት ያለው ለእነሱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከነጻነት በኋላ ያለው ግን ሰፊ ነው። በ1945 ከፕራግ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተወስደው ዊንደርሚር ሐይቅ አጠገብ ያረፉትን 300 ያህል ልጆች፣ ከቡከንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ወደ ፈረንሳይ የተላኩትን 426 ወንዶች ልጆች አስቡ። ወላጅ መጠበቅ፣ ስም መለወጥ፣ የእናትን ቋንቋ መርሳት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙዎቹም «ሕፃን ነበርክ፣ ምን ታስታውሳለህ» እየተባሉ ለዓመታት አፋቸውን የያዙ ናቸው። ግማሹን ሰዓት ለዚህ ስጡት።

አንዱ ክፍለ ጊዜ ከእረፍቱ ጋር ከሁለት ሰዓት አይብለጥ። ከባዱ ቦታ ላይ አቋርጣችሁ አትሂዱ። በማግስቱም ደውሉ።

ሰነድ መርማሪ

ስለ ሰነዱ፦ ባድ አሮልሰን፣ ጀርመን ያለው የናዚ ሰለባዎች ቤተ መዛግብት 30 ሚሊዮን ያህል ሰነድ ይዟል፤ አብዛኛው በኢንተርኔት ይፈለጋል። ስሙን በጀርመንኛ፣ በፖላንድኛ፣ በሃንጋሪኛ አጻጻፍ ሞክሩ። በትውልድ ዓመት ብቻ አትተማመኑ፤ ለሥራ ለመመረጥ ሲሉ ዕድሜያቸውን ከፍ ያደረጉ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ሐሰተኛው ቀን መዝገቡ ላይ ቀርቷል። ክንድ ላይ ቁጥር የተነቀሰው በአውሽቪትስ ካምፕ ነው። ከቁጥሩ በፊት «ኤ» (A) የሚል ፊደል ካለበት ደግሞ የተሰጠው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1944 ወዲህ ነው፤ ይህ አንዱ ብቻ ብዙ ጥያቄ ይዘጋል።

ትዝታና ወሬ ስለ መቀላቀሉ፦ ከአውሽቪትስ የተረፉ እጅግ ብዙዎች ሲደርሱ ለሥራ ወይም ለሞት የለያቸው የካምፑ ሐኪም መንገሌ እንደሆነ ይናገራሉ፤ ግን ከባቡር በሚወረድበት በዚያ መድረክ ላይ ሌሎች ሐኪሞችም ተራ ነበራቸው። ይህ ውሸት አይደለም፤ ልጁ ያየው ሰው ኋላ ስም ተሰጠው። «ተሳስተዋል» አይባልም። «ያን ስም መጀመሪያ የሰሙት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱም ይቀረጽ። ሰነዱን ከቀረጻው በፊት አታሳዩ፤ ካሳያችሁ የምትሰሙት ሰነዱን ነው።

ፋኖስ

አመሰግናለሁ። ከድምፁ በተጻፈው ግልባጭ ላይ የተሳሳተው ዓመት ይታረም?

ሰነድ መርማሪ

በፍጹም። ቃሉ እንደተነገረ ይቆይ፤ ማስተካከያው በግርጌ፣ ማን እንደጻፈውና ከየትኛው ሰነድ እንደሆነ ተገልጾ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ አንድ የካምፕ ልጅነት ትዝታ ፈጠራ ሆኖ መገኘቱ የአይሁዶችን እልቂት ለሚክዱ መሣሪያ ሆኗል። የተነገረውና የተጣራው ተለይተው ከተቀመጡ ማንም መርምሮ ይደርስበታል።

ቅጂ ጠባቂ

ድምፁን ሳይጨመቅ በሚቀመጥ የዌቭ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ቅዱ፤ በስቴሪዮ አንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ኤምፒስሪ ለማዳመጫ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም፤ የጣለውን ድምፅ መመለስ አይቻልም። የልብስ ማይክሮፎኑን ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጉ፣ የአረጋዊ ድምፅ ይዝላል። ፍሪጅና የግድግዳ ሰዓት ይጥፉ። ሁለተኛ መቅጃ ጎን ለጎን ይሥራ።

በዚያው ቀን ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ በሌላ ሕንጻ። ሲገለበጥ የእያንዳንዱን ፋይል የቼክሰም ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ይዘቱ ሲለወጥ የሚለወጥ ቁጥር) መዝግቡና በየዓመቱ አመሳክሩ፤ ፋይል ሳይታወቅ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹና 90ዎቹ የቀሩ የቪዲዮ ካሴቶች ካሉ ቅድሚያ ለእነሱ ስጡ፤ መግነጢሳዊ ሽፋኑ እየተላጠ ነው፣ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው።

ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) በቲፍ የምስል ፋይል፣ የጉርድ ፎቶ ከሆነ በ1200 ይነሣ፤ ጀርባውም ጭምር፣ ጽሑፉ እዚያ ነውና። ፕላስቲክ አታልብሱት፣ ማጣበቂያ አታስነኩት፣ መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ።

ስም መያዝን አትናቁ። አይሁዶች ታጉረው በነበሩበት በቴሬዚንሽታት ጌቶ ሥዕል ያስተማረችው ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ልጆቹ በየሥዕላቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። በጥቅምት 1944 ወደ አውሽቪትስ ተወስዳ ተገደለች፤ በሻንጣ ተደብቀው የተረፉት 4,500 ያህል ሥዕሎች ዛሬ ፕራግ በሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም አሉ። ብዙዎቹን ከአንድ ልጅ ጋር ማያያዝ የተቻለው በዚያ ፊርማ ነው። የእናንተም ፋይል በስም፣ በቀን፣ በቋንቋና በቀራጩ ስም ይጀምር።

የፈቃድ ወረቀቱ ላይ ማን መስማት እንደሚችል፣ የዘመዶች ስም ኢንተርኔት ላይ ይውጣ አይውጣ፣ ከሞት በኋላስ ምን እንደሚሆን ለየብቻ ይፈረምበት። በአንድ ፊርማ ሁሉን የጠቀለለ ወረቀት በኋላ ከወራሾች ጋር ያጣላል።