ኤፌሶን 2፥8 እና ያዕቆብ 2፥24 እንዴት አብረው ይነበባሉ?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ቤት አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት ሲሆን ስለ ድኅነት በተነሣ ቁጥር አንዱ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» የሚለውን ኤፌሶንን፣ ሌላው ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ ይጸድቃል የሚለውን ያዕቆብን ይዞ ይፋጠጣል። የምታውቁ በትዕግሥት አስረዱን፤ ስድብ ይቅር።

ከዲማ፦ ጣጣው ቁጥር ነጥሎ ማንበብ ነው። ኤፌሶንን 9 ላይ የሚያቆም፣ ለመልካም ሥራ እንደተፈጠርን የሚናገረውን 10ን ይስታል። ያዕቆብንም ከ14 ጀምሩት፤ የሚወቅሰው የታረዘና የተራበ ወንድሙን ባዶ እጁን «እሳት ሙቁ፥ ጥገቡ» ብሎ የሚሸኘውን ነው።

ቁልፉ አብርሃም ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 4 የሚያነሣው፣ አብርሃም እግዚአብሔርን አመነ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት የሚለውን ዘፍጥረት 15፥6ን ነው፤ ያኔ ይስሐቅ አልተወለደም፣ ግዝረትም ገና ምዕራፍ 17 ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በግዝረትና በሕግ ሥራ መመካትን ያፈርሳል። ቅዱስ ያዕቆብ ደግሞ ዘፍጥረት 22ን፣ የይስሐቅን መሥዋዕት ያነሣና ያው 15፥6 በዚህ ተፈጸመ ይላል። የአንድ ሰው እምነት ሲጀምርና ሲፈተን ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጾሞ የተመካው ፈሪሳዊም ሳይጸድቅ ነው የተመለሰው፤ ረቡዕና ዓርብ የምንጾም ሁላችን ሉቃስ 18ን ልብ እንበል።

ከባሕር ዳር፦ በአብርሃሙ እስማማለሁ፣ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ። «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» የሚለውን ፊልጵስዩስ 2፥12ን ለምትጠቅሱ ግን፣ 13ን አትዝለሉ፤ መፈለግንም ማድረግንም በእኛ የሚሠራ እግዚአብሔር ነው። የምንለያየው ጥምቀት ላይ ይመስለኛል። እኛም ዘንድ አንድ አይደለም፦ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ታጠምቃለች፣ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን አምኖ የመሰከረውን ብቻ። ደግሞስ ጌታ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ያለው፣ በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴ መቼ ተጠመቀ?

ከዲማ፦ ወንድሜ፣ ትክክለኛውን ቦታ ነካኸው። እኛ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን የምናጠምቀው ከውኃና ከመንፈስ ስለ መወለድ የሚናገረውን ዮሐንስ 3፥5ን ይዘን ነው፤ ጸጋው የሚሰጠው እንደ ጥምቀትና ቍርባን ባሉ ምስጢራት ነው፣ ሥጋውን የሚበላ ደሙንም የሚጠጣ የዘላለም ሕይወት አለው የሚለው ዮሐንስ 6፥54ም እንዲሁ። ጸጋን በሥራ መግዛት አድርጎ የሚያይ ካለ ትምህርታችንን አልያዘም። ፈያታዊ ዘየማን (በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ያ ወንበዴ) ግን እጅና እግሩ ተቸንክሮ ነበር፤ «እያጠመቃችኋቸው» የሚለው የማቴዎስ 28፥19 ትእዛዝም የተሰጠው ከትንሣኤ በኋላ ነው። ወንበዴውን ጠቅሶ፣ ወንዝ አጠገብ ያለ ሰው ጥምቀትን ቢያዘገይ ማስረጃ አይሆነውም።