ሙት ወቃሽ ነኝ ወይ? የአንድ ምዕራፍ ክርክር ከደሴ

የጦሳ ልጅ፦ ወገን፣ እስቲ ፍረዱኝ። የአንድ የደሴ መምህርና ገጣሚ የሕይወት ታሪክ ስጽፍ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ስሙን አልጠራም፤ የምታውቁትም ዝም በሉልኝ። በቃላችን የምንወጣት አንዲት ግጥም አለችው፣ ስለ ሄደች ሴት። የፍቅር ግጥም ናት ተብለን ነው ያደግነው። አይደለችም። ከትዳሩ በፊት ለወለዳት፣ ለዘመድ ሰጥቶ ላሳደጋት ልጁ ነው የጻፋት። ለጓደኛው የላከው ደብዳቤ ላይ አለ። የደብዳቤውና የግጥሙ ቀን የሚለያዩት በሦስት ቀን ብቻ ነው። ባለቤቱና ልጆቹ ረቂቁን አነበቡና "ይህን ምዕራፍ አውጣው፣ ሙት ወቃሽ አትሁን" አሉኝ። ላውጣው?

የሸዋበሯ፦ አውጣው። ምን ያጠያይቃል? ባለቤቱ ገበያ ስትወጣ ሰው ምን እንደሚላት አስበሃል? ደሴ እኮ ነው ይሄ። ፒያሳ ላይ ያስነጠሰ ሰው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሳይደርስ "በጠና ታሟል" ይባላል።

ሆጤ፦ እንዳታወጣው! እኛ ሀገር የደራሲ ሕይወት ታሪክ የሚባለው ግማሹ ገድል ነው። ይወለዳል፣ በልጅነቱ ብሩህ ነበር ይባላል፣ መከራ ያያል፣ ያርፋል። ገድል ውስጥ እንኳ ሰይጣን አለ፤ እነዚህ ውስጥ እሱም የለም። ደግሞ ሕይወቱን ሳታውቅ የማትገባህ ድርሰት አለች። በዓሉ ግርማ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ባይሠራ፣ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ባይሄድ ኖሮ "ኦሮማይ" ከየት ይመጣ ነበር?

ቡና ሁለተኛ፦ ጥሩ አነሳህ። አሁን በሐቅ መልስልኝ። "ኦሮማይ" ሲነሳ የምናወራው ስለ ምንድነው? መጽሐፉ በ1975 ወጣ፣ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። በቃ! ስለ ገጸ ባሕርይዋ ስለ ፊያሜታ አሳሳል፣ ስለ ንግግሩ ፍጥነት፣ ስለ አስመራ ምሽቶች ስንቶቻችን እናወራለን? መጥፋቱ ድርሰቱን በላው። የጦሳ ልጅም ይህችን ግጥም ሊያስበላት ነው። ስንቱ ሰው የራሱን የሄደ ሰው አስቦ አልቅሶባታል። ነገ "አሃ፣ ዲቃላ ልጁ ናት" ይባልና ያልቃል።

ሆጤ፦ "ዲቃላ" የሚለውን ቃል አንቺ ነሽ ያመጣሽው፣ እሱ አላለም።

ቡና ሁለተኛ፦ አንባቢው ይለዋላ! አቦ ተወኝ።

ጋሼ (ጡረተኛ)፦ ልጆች፣ አትጣሉ። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐያሲ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1744 የጓደኛውን የሪቻርድ ሳቬጅን ሕይወት ጻፈ። ሳቬጅ ገጣሚ ነው፤ "የአንዲት ባላባት ሴት ልጅ ነኝ፣ እናቴ ካደችኝ" ይል ነበር። ጆንሰን አመነው። ሴትየዋን ጨካኝ እናት አድርጎ ሣላት። ያኔ በሕይወት ነበረች፣ ልጄ ነው ብላም አልተቀበለችም። ነገሩ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ጆንሰን የዋዛ ሰው አይደለም፤ በኋላ የ52 ባለቅኔዎችን ሕይወትና ሥራ የጻፈ ነው። ግን ወዳጅነት ዓይኑን ጋረደው። ልጄ፣ አንተስ ምስክርህ ስንት ነው? ደብዳቤው ብቻ? ቀኑስ በኛ ነው በፈረንጅ? በዚህ ስንት ሰው ሰባት ዓመት ስቷል።

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ቀኑ በኛ ነው፣ አረጋግጫለሁ። ልጅቷን ያሳደጉት እናት ሳይሞቱ ነግረውኛል። ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ማህደር ውስጥም የዚያን ሳምንት ፈቃድ ወስዷል። ሦስት ሆነልኝ።

ጋሼ (ጡረተኛ)፦ ደግ። እንግዲህ መረጃው አለህ። ይጻፍ አይጻፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጠበቃው፦ ሰላም ናችሁ? በሕግ በኩል ልግባ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ወረቀቱ ጓደኛው እጅ ቢሆንም ቃሉ የጸሐፊው ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን እንዳለ ልታትም ካሰብክ ወራሾቹን ታስፈቅዳለህ። ፍሬ ነገሩን በራስህ ቃል ብትጽፍ ግን የቅጂ መብት አይከለክልህም። የስምና የክብር ነገር ሌላ ፋይል ነው፤ እሱን እዚህ በነፃ አላወራም 😄

የሸዋበሯ፦ ሕጉ ፈቀደ ማለት ነውር አይደለም ማለት ነው እንዴ?

የጦሳ ልጅ፦ ቡና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። "ጫማሽ መዳፌ ላይ ይጠፋ ነበር" የሚለውን ስንኝ እንዴት ነበር የምታነቢው?

ቡና ሁለተኛ፦ ማጋነን ነዋ። የሴት ልጅ እግር ማነስ የውበት ነገር ነው ብዬ። ቆይ... የሕፃን ጫማ ነው?

የጦሳ ልጅ፦ የሕፃን ጫማ ነው።

ሆጤ፦ ያ አላህ።

ቡና ሁለተኛ፦ እሺ። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። ግን ተመልከት እስቲ፣ ግጥሙ ራሱ ነግሮን ነበር እኮ! ጫማዋ መዳፍ ላይ የሚጠፋ ኮረዳ የት አለች? ስንት ዓመት ሙሉ አልሰማነውም። ደህና ሐያሲ ቢኖረን ደብዳቤው ባላስፈለገ። እንዲህ አድርግ፤ የግጥሙን ምዕራፍ ጻፈው፣ ይህች የምትሄደው ሕፃን ናት በል፣ ከስንኙ ተነስተህ አሳየን። ደብዳቤውን ተወው።

ሆጤ፦ ይሄማ ማጭበርበር ነው። አውቆ እንዳላወቀ ሆኖ ሊጽፍ? ነገ ሌላ ሰው ደብዳቤውን ቢያገኘው ማን ያምነዋል?

የሸዋበሯ፦ ለእኔ ግን የቡና ነገር ገባኝ። ሴትየዋም አትነካም፣ ግጥሙም አይቀርም።

ጋሼ (ጡረተኛ)፦ ስለ ባለቤቱ አወራችሁ፣ ስለ ልጆቹ አወራችሁ፣ ስለ ሟቹ አወራችሁ። ልጅቷስ? በሕይወት የለችም?

የጦሳ ልጅ፦ አለች ጋሼ። ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ትልቅ ሴት ናት አሁን።

ጋሼ (ጡረተኛ)፦ ምን አለችህ?

የጦሳ ልጅ፦ አልሄድኩም።

የሸዋበሯ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ?! አዲስ አበባ ድረስ ለማህደር ሄደሃል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ መድረስ ከበደህ?

የጦሳ ልጅ፦ ፈራሁ። ቅዳሜ በጠዋት ሚኒባስ እይዛለሁ።

ቡና ሁለተኛ፦ ረቂቁን ይዘህ እንዳትሄድ። መጀመሪያ ግጥሟን ታውቃት እንደሆነ ጠይቃት።